ሌሊቱን ብቻዋን ለምትጠብቅ እናት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ ስለ አንዲት እናት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ምክንያቱም አንድ አይደለችም። ቤቷ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ባለው የመንዝ ደጋ ላይ ነው እንበል፤ ወይም ግሼ፣ ከራቤል ወዲያ ባለ መንደር፤ ወይም ከጀማ ሸለቆ ማዶ መርሐቤቴ። ሌሊት ነው። ውጭ ውርጭ ወርዷል። የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቷል። እሷ ግን እጇን በልጇ ደረት ላይ አድርጋ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሐኪሙ «ሳይበላ ረጅም ሰዓት እንዳይቆይ» ብሏታል። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ ትነሳለች፤ ትቀሰቅሰዋለች፤ ታበላዋለች። ሱብሒ አዛን ሲል እሷ አልተኛችም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ውኃው፣ ማገዶው፣ ከብቱ ይጠብቃታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይበላታል፦ «ምን አጥፍቼ ነው?»

የዛሬው ማስታወሻችን ለዚህች እናት ነው። ከእሷም ይልቅ በዙሪያዋ ላለነው ለእኛ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

አላህ የሰውን ልጅ አካል የፈጠረበት ጥበብ ያስገርማል። የምንበላው እንጀራ፣ የምንጠጣው ወተት ሆዳችን ውስጥ ገብቶ አያበቃም። ሰውነታችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ እልፍ ጥቃቅን ሠራተኞች አሉ። አንዱ ይፈጫል፣ አንዱ ይለውጣል፣ አንዱ ትርፉን ያስወግዳል። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ከውልደት ጀምሮ ከጎደለ ወይም ሥራውን ካልሠራ፣ ለሌላው ልጅ ጉልበት የሚሆነው ምግብ ለዚያ ልጅ መርዝ ይሆናል። ወይም ደግሞ የሚያስፈልገው ነገር ሳይሠራለት ይቀራል።

ሐኪሞች ይህን ከውልደት የሚመጣ የሜታቦሊዝም ችግር ይሉታል። እያንዳንዱ ዓይነት እጅግ ጥቂት ልጆችን ብቻ ይነካል። ዓይነቱ ግን ከአንድ ሺህ ይበልጣል። ስለዚህ «ብርቅ» የተባለው በሽታ ሲደመር ብርቅ አይደለም።

ጥቂት ምሳሌ ልጥቀስ። ፒኬዩ የሚባለው በሽታ ያለበት ልጅ በወተት፣ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በባቄላና በሽሮ ውስጥ ያለውን አንድ የፕሮቲን ክፍል ማብላላት አይችልም። ያ ነገር በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና አእምሮውን ይጎዳል። ጋላክቶሴሚያ ያለበት ሕፃን ደግሞ የወተትን ስኳር ማብላላት አይችልም። የእናቱ ጡት ሳይቀር ይጎዳዋል። ሌሎች ልጆች አሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ጾማቸውን ከዋሉ ወይም ካደሩ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሚስቱ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በአገራችን በደንብ የሚታወቀው የልጆች ስኳር በሽታ ነው። እሱ በብዛት ከውልደት በኋላ የሚመጣ ቢሆንም የእናቲቱ ሌሊት ግን ያው ነው፤ መለካት፣ መውጋት፣ መስጋት።

አላህ ስለ እናት ያዘዘው

ቁርኣን ውስጥ በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ስለ ማጥባት ይናገራል። ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ሁለት ዓመት መሆኑን ይገልጻል። የእናቲቱ ምግብና ልብስ በአባት ላይ እንደሆነ ያዛል። ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድ ይናገራል። ከዚያ ቀጥሎ ልብን የሚያቆም ነገር ይመጣል፦ እናት በልጇ ሰበብ እንዳትጎዳ ይከለክላል።

አንቀጹ የወረደው በማጥባትና በፍቺ ጉዳይ ነው። ባል ሚስቱን በልጇ በኩል እንዳያሰቃያት ነው። መልእክቱ ግን ለእኛም ይደርሳል። ልጅ የእናት ልብ ደካማው ቦታ ነው። ሊጎዳት የፈለገ ሰው በዚያ በኩል ይጎዳታል። ሳይፈልግ የሚጎዳትም በዚያው በኩል ነው። እኛ ደግሞ ሳንፈልግ የምንጎዳት ነን፤ በሦስት መንገድ። በመውቀስ፣ ባለማመን እና ብቻዋን በመተው።

አንደኛው ጉዳት፦ ወቀሳ

«እርጉዝ ሆና ምን በላች?» «የማን ዐይን ነው?» «በዘራችን እንዲህ ያለ አልነበረም፤ ከእሷ ነው የመጣው።» ይህን የሚለው ጠላት አይደለም። አማት ናት፣ አክስት ናት፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ናት።

እህቴ ሆይ፣ እውነቱን ስሚ። ከእነዚህ የውልደት በሽታዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከእናትም ከአባትም ነው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ሁለቱም ሳያውቁት በውስጣቸው አንድ አንድ የተሳሳተ የዘር መልእክት ይዘዋል። ያ መልእክት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። ልጁ ከሁለቱም ከወረሰው ይታመማል። በእያንዳንዱ እርግዝና ይህ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አንቺ የበላሽው፣ የተሸከምሽው፣ የተቆጣሽው ነገር አላመጣውም። ባልሽም አላመጣውም። «ከእሷ ነው» የሚል ሰው ግማሹን ከራሱ ወገን ይፈልግ። የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ይህ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ በሽታ ያየ ሰው ልጆቹን ከመዳሩ በፊት ሐኪም ቢያማክር ብልህነት ነው። ያለፈውን ግን ለመውቀሻ አያድርገው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢብራሂም የሚባል ሕፃን ልጃቸው ሲሞት በእቅፋቸው ይዘውት አለቀሱ። በዚያው ቀን ፀሐይ ጠቆረች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። እሳቸው ግን ይህን አልተቀበሉም። ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትና ሕይወት እንደማይጠቁሩ፣ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን አስተማሩ። ሱብሓነላህ! ሐዘን ላይ ያለ አባት፣ ሰዎች በልጁ ሞት ላይ ትርጉም ሲደርቡ ዝም ማለት ይችል ነበር። አላለም። እንግዲያ እኛ የሰውን ልጅ ሕመም አይተን «ይህ የእገሌ ኃጢአት ነው» ለማለት ከየት ደፈርን? አንድ ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣን ደጋግሞ ነግሮን የለምን?

ሁለተኛው ጉዳት፦ አለማመን

እናት የልጇን ነገር ቀድማ ታውቃለች። «ይህ ልጅ እንደ ሌሎቹ አይደለም» ትላለች። «ያድጋል ይተወዋል» እንላታለን። «ሲጠባ ያስመልሳል፣ ይዝላል» ትላለች። «ብርድ መትቶት ነው» እንላታለን። «ሽንቱ ሌላ ጠረን አለው» ትላለች። እንስቃለን።

እስቲ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኖርዌይ ውስጥ ቦርግኒ ኤግላንድ የምትባል እናት ነበረች። ሁለት ልጆቿ ጤነኛ መስለው ተወለዱ። እያደጉ ሲሄዱ ግን አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። ከሐኪም ሐኪም ዞረች። በልጆቿ ላይ የተለየ ጠረን እንዳለ ለሁሉም ተናገረች። የሰማት ጠፋ። እሷ ግን አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ዶክተር አስቢዮርን ፎሊንግ ደረሰች። እሱ ሰማት። የልጆቿን ሽንት መረመረ። የጨመረበት ንጥረ ነገር ያልጠበቀውን አረንጓዴ ቀለም አሳየው። ሌላ ጊዜም ደጋግማ እንድታመጣ ጠየቃት፤ አመጣች። ከዚያ በእንክብካቤ ተቋማት ያሉ 430 ሰዎችን መርምሮ በሽታው ያለባቸው ሌሎች 8 ሰዎች አገኘ። ዛሬ ፒኬዩ የምንለው በሽታ የታወቀው እንዲህ ነው።

ለእሷ ልጆች ጊዜው አልፎ ነበር። ግን ያቺ እናት ባትወተውት ኖሮ በሽታው ምናልባት ያኔ ባልታወቀ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሮበርት ገስሪ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከሕፃን ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ በሽታውን መለየት የሚቻልበትን ዘዴ አወጣ። እሱም የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለበት ልጅ አባት ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች እያንዳንዱ ሕፃን በተወለደ በቀናት ውስጥ ይህን መሰል ምርመራ ያደርጋል። እኛ አገር ለሁሉም ሕፃን ገና አልደረሰም። ስለዚህ መንዝና ግሼ፣ መርሐቤቴም ውስጥ የመጀመሪያዋ መርማሪ እናት ናት። የእሷን ቃል የናቀ ሰው ያለውን ብቸኛ ምርመራ ናቀ።

ይህን አደራ እላለሁ፦ ሕፃን ጡት መጥባት ከጀመረ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከዛለ፣ ለመጥባት እምቢ ካለ፣ ዐይኑ ወይም ገላው ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በራሳችሁ ግምት ጡት አታስጥሉት፤ ለአብዛኛው ሕፃን ከእናት ጡት የሚበልጥ የለም። ውሳኔው የሐኪም ነው። ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ በጨቅላነት ሳይታወቅ ሞተው ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት። ትልቅ ፍንጭ ነው።

ስለ ዱዓና ስለ ሕክምናም አንድ ቃል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒትንም አውርዷል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል። ሩቅያ ይቀራ፣ ዱዓ ይደረግ፤ ከአላህ ሌላ ፈዋሽ የለም። ግን «ዱዓ ተደርጎለታልና መድኃኒቱን ተይው» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ከተቋረጠበት በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሃጀርን አስታውሱ። ባሏ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በአላህ ትእዛዝ ከሕፃኗ ጋር ውኃ በሌለበት ሸለቆ ትቷት ሲሄድ፣ አላህ ካዘዘው አይጥለንም ብላ ታመነች። ውኃው ሲያልቅ ግን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ከሶፋ ወደ መርዋ፣ ከመርዋ ወደ ሶፋ ሰባት ጊዜ ሮጠች። ተወኩልና ሩጫ በአንዲት እናት ልብ ውስጥ አብረው ነበሩ። ዘምዘም የፈለቀው በሮጠችበት ኮረብታ ላይ አይደለም፤ ልጇ ባለበት ነው። ሩጫዋ ግን አልባከነም። እስከ ቂያማ ድረስ ሐጅና ዑምራ የሚያደርግ ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ምሁር፣ የዚያችን የተጨነቀች እናት ሩጫ ይሮጣል። እህቴ፣ ልጅሽን አዝለሽ በመኪና ተራ ስትጠብቂ ይህን አስቢ።

ሦስተኛው ጉዳት፦ ብቻዋን መተው

ወደ ፒኬዩ ታሪክ ልመለስ፤ የቀረ አለው። እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሺላ የምትባል ትንሽ ልጅ በዚሁ በሽታ ተገኘች። ሐኪሙ ሆርስት ቢክል ለእናቲቱ መድኃኒት እንደሌለ ነገራት። እሷ ግን በየማለዳው የላቦራቶሪው በር ላይ እየቆመች «ለልጄ ምን አገኛችሁ?» ትለው ነበር። እሷ በዚያ በር ላይ ባትቆም ኖሮ ምናልባት ሥራው ያኔ ባልተጀመረ ነበር። ቢክልና ባልደረቦቹ ያ ጎጂ የፕሮቲን ክፍል የተቀነሰበት ልዩ ምግብ አዘጋጁ። መቆም የማትችለው ሺላ መዳህና መቆም ጀመረች። በዓለም ላይ ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው ሕክምና ይህ ሆነ።

አሁን የሚያሳዝነው ይመጣል። ከጊዜ በኋላ ያቺ እናት ራሷ በአእምሮ ሕመም ወደቀች። የሺላ አመጋገብ መቀጠል አልቻለም፤ ልጅቷም በእንክብካቤ ተቋም ኖረች። አያችሁ? መድኃኒቱ ተገኝቶ ነበር። ሐኪሙ ነበር። ምግቡ ነበር። የጠፋው እናቲቱ ስትደክም ማሰሮውን ከእጇ የሚቀበላት ሰው ነው። የልጁ ሕክምና በእናቱ በኩል ያልፋል። እናቱ ከወደቀች ሁሉም ይወድቃል።

የእኛ አገር ገበሬ ገብሱን ብቻውን አያጭድም። ወንፈል አለ፣ ደቦ አለ። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ሙት ለመቅበር የምንተባበረውን ያህል ሕያው ልጅን ለማኖር ለምን አንተባበርም? የሐዘንተኛን ቤት ሦስት ቀን የምንሞላ ሰዎች፣ በሽታው ዓመታት የሚቆይባትን እናት ቤት ለምን በሳምንቱ እንረሳለን?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰላትን ሊያስረዝሙ አስበው ይቆሙና የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ያሳጥሩት ነበር፤ እናቱ እንዳትጨነቅ ብለው። ልብ በሉ። በሶላት ውስጥ፣ ጌታቸው ፊት ቆመው፣ ከኋላ ሰልፍ ላይ ያለችውን እናት ጭንቀት ቆጠሩ። መስጂዳችን ውስጥ የሚጮህ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ዝም ማለት የማይችል ልጅ ሲገባ ዞር ብለን በዐይናችን የምንገርፋት እናት፣ ረሱል ቢኖሩ ሶላት ያሳጠሩላት ነበረች።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ነገር ጉርሻ ነው። አትሳቁ። «በሞቴ! አንዲት ብቻ!» ማለት የፍቅራችን ቋንቋ ነው። ዒድ ሲሆን ልጁን ሥጋ እናጎርሰዋለን፣ ወተት እናጠጣዋለን፣ ከረሜላ በኪሱ እንከትለታለን። እናቱ «አይሆንለትም» ስትል «አጉል አታጨናንቂው» እንላታለን። ያቺ ጉርሻ ለልጁ መርዝ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የማንንም ልጅ ከማጉረሳችን በፊት እናቱን እንጠይቅ። «አይሆንም» ካለች በፈገግታ እንቀበላት። ይህ ራሱ ሶደቃ ነው።

ሁለተኛው እንክብካቤውን መማር ነው። በቤተሰቡ ወይም በጎረቤት ቢያንስ ሁለት ሰው ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደማይበላ፣ መቼ እንደሚታገስና መቼ ወደ ሐኪም እንደሚሮጥ ይወቅ። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ካለ መድኃኒቱን መጠበቅ ይወቅ። በመርሐቤቴ ቆላ ሙቀት ያበላሸዋል። በመንዝ ውርጭ ደግሞ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት «እኔ ጋ ይቀመጥ» ቢል ትልቅ አጅር አለው። እናቱ ጋር ሁለተኛ አዋቂ ሲኖር አንድ ሌሊት ትተኛለች። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ለእንደዚህች እናት ስጦታ ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከመሐል ሜዳ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማበር መውጣት፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ሪፈር ሲጻፍላት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ። ከዓለም ከተማ የምትነሳዋ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ተሻግራ፣ በለሚና በሙከጡሪ አድርጋ ነው የምትደርሰው። መንገዱ ሰላም የሌለው ጊዜም አለ። ትኬቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ቤት የቀሩት ልጆች። ዘካ ለድሃና ለሚስኪን ነው፤ ልጇን ስታሳክም ጥሪቷን የጨረሰች እናት ከእነሱ ውስጥ ካልሆነች ማን ይሆናል? አዲስ አበባ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ አንድ ፍራሽና አንድ እራት አዘጋጁ። ወረፋ አብራችኋት ቁሙ። ያልገባትን ሐኪሙን ጠይቁላት፤ የተነገራትን ጻፉላት። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጊዜው እንዳያልፍባት አስታውሷት። የሪፈር ወረቀቷን በፕላስቲክ ሸፍኑላት፤ ይህም ቁም ነገር ነው።

አራተኛው ለአባቶች ነው። ወንድሜ ሆይ፣ አንቀጹ ወጪውን በአንተ ላይ ነው ያደረገው። ግን ገንዘብ ሰጥቶ መውጣት ብቻ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው የቤተሰባቸውን ሥራ ይሠሩ እንደነበር እመት ዓኢሻ ነግራናለች። እንዲህ ያለ ልጅ በመጣ ጊዜ ጥለው የሚሸሹ፣ «ጤነኛ የምትወልድ ላግባ» የሚሉ አባቶች አሉ። አላህን ፍራ። ልጁ ከአንተም ነው የመጣው። እናቱን ስታቅፍ ልጁን ታክማለህ።

አምስተኛው ለኢማሞችና ለሽማግሌዎች ነው። ከሚንበር ላይ አንድ ቃል ብትሉ የአማትን ምላስ ትይዛላችሁ፤ ሺህ ሐኪም ያልቻለውን ታደርጋላችሁ። በመንዝም በግሼም ጎረቤቶቻችን በብዛት ክርስቲያኖች ናቸው። በዚህ ጉዳይ የእነሱ እናትና የእኛ እናት አንድ ሸክም ነው የተሸከሙት። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሳ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ሊወርስ ነው እስኪሉ ድረስ አስበዋል። ስለዚህ የእናቲቱን ሃይማኖት ሳትጠይቁ በሯን አንኳኩ።

ለአንቺ፣ እህቴ

አሁን ለአንቺ ልናገር።

ማልቀስሽ ሶብር ማጣት አይደለም። የዩሱፍ አባት ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዐይኑ እስኪነጣ አልቅሷል፤ አላህ ግን በመልካም ትዕግሥት አወሳው። እንባውን ያፈሰሰው ወደ ጌታው ነበር። አንቺም ወደ እሱ አፍስሺው።

ጡትሽ ለልጅሽ ያልተስማማ ከሆነ እናትነትሽ አልጎደለም። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚና በሕይወት ሳለች ሌላ ሴት አጥብታቸዋለች። እናታቸው ከሞተች በኋላ የተንከባከበቻቸው ደግሞ የሐበሻዋ ኡሙ አይመን ናት። አልወለደቻቸውም፤ ግን እንደ እናት አክብረዋት ኖሩ። ከእሳቸው በኋላም አቡ በክርና ዑመር ሊጠይቋት ቤቷ ይሄዱ ነበር። እናትነት በእጅና በዐይን የሚሠራ ነገር ነው፤ አንቺ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራሽው ነው።

የሱና ሶላትሽን መስገድ አልቻልሽም ብለሽ አትዘኚ። ልጅሽን ለማብላት የነሳሽበት ሌሊት ኒያሽን ካሳመርሽ ዒባዳ ነው። ልጅሽን ሳይችል አታስጹሚው። ካደገም በኋላ ሐኪሙ ጾም ይጎዳዋል ካለ አላህ ለበሽተኛ ያገራለትን መንገድ ተጠቀሙ። አእምሮው ላልደረሰ ልጅ ብዕር ከፍ ብሎለታል፤ አይጠየቅም። የሚያስጨንቅሽ የልጅሽ አኼራ ከሆነ እሱ ከእኔና ካንቺ ይልቅ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው።

ደክሞሽ «አልቻልኩም» ብትይ አታፍሪ። ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድ የነገረን ያ አንቀጽ ስለ አንቺም ነው። ጎረቤትሽን ጠሪ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠሪ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖር ካስጠላሽ እሱም ሕመም ነውና ለሐኪም ተናገሪ። ሌሎቹን ልጆችሽንም አንዳንዴ ብቻቸውን እቀፊያቸው፤ እነሱም ዝም ብለው እየጠበቁሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ልጁ ቢወሰድ ደግሞ፣ አላህ አያድርገውና፣ በሶብር የቆየች እናት በአኼራ ልጆቿ ከእሳት እንደሚጋርዷት የረሱል ብሥራት አላት። ይህን የምለው ሐዘንሽን ላሳንስ አይደለም። ልፋትሽ የትም እንዳልጠፋ ልነግርሽ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለሱ አንድ ነገር አድርጉ። በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት አንዲት እናት አስቡ። በሯን አንኳኩ። ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፤ እጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ልጁ ምን ይበላል? አስተምሪኝና ዛሬ ማታ እኔ ልጠብቀው» በሏት። ይህን ጽሑፍም ለአማቶችና ለአባቶች አድርሱ።

አላህ ሆይ! ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያድሩ እናቶችን አግዛቸው። የታመሙ ልጆቻችንን አሽራቸው። ለሐኪሞቻችን ዕውቀትን፣ ለመንገዶቻችን ሰላምን፣ ለጎረቤቶቻችን ርኅራኄን ስጥ። በምላሳችን የጎዳናቸውን እናቶች ይቅር እንዲሉን አድርግ። እናትን በልጇ ከሚጎዱት አታድርገን። አሚን፣ አሚን፣ ያ ረበል ዓለሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ። በሰለዋት አሳምሩት።